ሥዕሏን ወደ ግድግዳ ያዞረው ልጅ

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«እትዬ፣ ዕድሜዬ 29 ነው። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው። የምንኖረው ሽሮ ሜዳ፣ በባለቤቴ ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ ነው። ዋናው ቤት አማቴ፣ ያላገባች ልጃቸውና ታናሽ ወንድሙ አሉ። እኛ ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነን። የአምስት ዓመት ወንድና የሁለት ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አሉን። ሁለታችንም ሥራ ስለምንውል ልጆቹን የሚይዙልን አማቴ ናቸው።

እማማ መንፈሳዊ ሰው ናቸው። ቅዳሴ አያመልጣቸውም። ልጆቼን እንደሚወዷቸውም አልክድም። ግን ነገሩ ሁሉ ማስፈራሪያ ነው። ምግብ ካስተረፈ እግዚአብሔር ይቆጣል። እህቱን ከመታ እግዚአብሔር ይቆጣል። አልተኛም ካለ ሰይጣን ይወስደዋል። አሁን ደግሞ ዘንድሮ ፍልሰታን ይጾማል ብለው ተነስተዋል። «የእኔ ልጆች በአራት ዓመታቸው ጾመዋል» አሉኝ። ለልምምድ ብለው ዓርብ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ያስጾሙታል። እኔ አንጀቴ አልችል ብሎ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ዳቦ በእንቁላል እሰጠዋለሁ። «እማማ ሳያዩህ ቶሎ ብላ» እለዋለሁ።

ያለፈው ዓርብ ረፍዶብኝ እንቁላሉን በሶፍት ጠቅልዬ ሰጥቼው ወጣሁ። እማማ ክፍላችን ሲገቡ ልጁ አልጋ ሥር ሆኖ ሲበላ አገኙት። ከመብላቱ በፊት በርጩማ ላይ ወጥቶ የእመቤታችንን ሥዕል ወደ ግድግዳ አዙሯታል። ጉድ ተባለ! እማማ አለቀሱ። «ልጁን ከሃዲ ልታደርጊው ነው» አሉኝ። ለባለቤቴ ስነግረው «ተያቸው፣ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» አለኝ። ልጄ ከዚያን ቀን ወዲህ ማታ ማታ ይባንናል። ቤት ተከራይተን ብንወጣ ይሻላል? ሌላም ነገር አለ። ልጆቼ እኔን በስሜ ይጠሩኛል፤ እማዬ የሚሉት አያታቸውን ነው። እሱም ያቃጥለኛል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሽሮ ሜዳ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። ያቺ በርጩማ ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ። የአምስት ዓመት ልጅ በርጩማ ጎትቶ፣ ግድግዳው ሥር አስጠግቶ፣ ወጥቶ፣ ሥዕል አዙሮ፣ ወርዶ፣ አልጋ ሥር ገብቶ ይበላል። ያ ሁሉ ድካም ለአንድ እንቁላል።

እማማ ያለቀሱት ልጁ የናቃት መስሏቸው ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ባቢ (ስሙን ስላልነገርሽኝ ባቢ ልበለው) እመቤታችን እንደምታየው ከልቡ አምኗል። ባያምን ኖሮ በርጩማ ምን ያስጎትተዋል? ያስተማሩት ገብቶታል። እንዲያውም ከእኔና ካንቺ ይልቅ ገብቶታል፤ እኛ ሥዕል ፊት ቁጭ ብለን ስንት ሰው እናማለን። ልጁን የጨነቀው ካየችኝ በኋላ ምን ታደርገኛለች የሚለው ነው። እሱን በተመለከተ እስካሁን የተነገረው ደግሞ ቁጣና ሰይጣን ብቻ ነው።

አሁን ትንሽ የሚከፋሽን ነገር ልናገር። ማስፈራራቱ የእማማ ነው። መደበቁን ያስተማርሽው ግን አንቺ ነሽ። «እማማ ሳያዩህ ቶሎ ብላ» አልሽው። እሱ ምን አደረገ? ማየት የሌለባቸው ሰዎች ላይ አንድ ሰው ጨመረ። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ በጣም ትክክለኛ ሂሳብ ነው። እማማ እንዳያዩ በሩን ይዘጋል፣ እመቤታችን እንዳታይ ፊቷን ያዞራል።

አትቀየሚኝ፤ እኔም ከዚህ የባሰ አድርጌያለሁ። ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ ብርጭቆ ሰብራ «እኔ አይደለሁም» ብላ ዋሸችኝ። ቸኩዬ ነበርና «እግዚአብሔር ውሸታም ልጅ ሲያይ ይጮህበታል» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እስከዛሬ አላውቅም። ጊዜው ሐምሌ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው ልጄ ከአልጋዋ ወርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባች። «እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት» ትላለች። ሁለት ክረምት ሙሉ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር አቅፌ ነው ያስተኛኋት። እኛ እንደ ቀልድ የወረወርነውን ቃል ልጅ ቃል በቃል ነው የሚያነሳው። «ሰይጣን ይወስድሃል» ሲባል ባቢ የሚያስበው መቼ፣ በየትኛው በር እንደሚመጣ ነው። የሚባንነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ጾሙ ልምጣ። በቤተክርስቲያናችን ልጅ ጾም የሚጀምረው ከሰባት ዓመቱ ነው ሲባል ነው የምንሰማው። ባቢ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እማማ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ፈርተው ነው። ከተማው ተለውጧል፣ ልጁ ኬጂ ሄዶ የሚያመጣውን ዘፈን ይሰማሉ፣ ስልክ ላይ የሚያየውን ያያሉ። «ካሁኑ ካልያዝኩት ያመልጠኛል» ይላል ልባቸው። እኔም አያት ስሆን እንዲህ የምሆን ይመስለኛል። ግን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነስተው የዚያኑ ዕለት ይቆርባሉ። ልጆችሽ አንገታቸው ሳይጠና ሥጋ ወደሙን ተቀብለዋል። የቤቱ ልጆች ከሆኑ ቆይቷል። አሁን በረሃብ የሚገዙት ቦታ የለም።

«የእኔ ልጆች በአራት ዓመታቸው ጾመዋል» ላሉት ደግሞ ምስክሩ አጠገብሽ ነው የሚተኛው። እስቲ ባልሽን ማታ ጠይቂው። እማዬ ሳታይ ጓዳ ገብተህ ምን ምን በልተሃል በይው። እኔ የማውቀው «በአራት ዓመቱ የጾመ» ሰው ሁሉ ስለ ሞሰብ ክዳን የሚያወራው ታሪክ አለው።

ትንሿ ላይ ግን ቀልድ የለም። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ሆዷ ትንሽ ነው፤ ቶሎ ቶሎ መብላት አለባት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ አጃው፣ ለውዙ፣ አቮካዶው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ይሰጣት። ነገር ግን ቢ12 የሚባለው ቪታሚን ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ ላይ እንጂ ሽሮ ላይ የለም። ለደምም ለአእምሮም ያስፈልጋታል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ብቻ ቢሆን እንኳ ነገሩ በዚያ አያበቃም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የገና ጾም አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ቤቱ በጾመ ቁጥር እሷም ከጾመች የዓመቱ እኩሌታ ሄደ ማለት ነው።

በብዙ ቤት እንዳየሁት ሕፃን ልጅ በጾም እንቁላል የማይሰጣት ሰው ጨክኖባት አይደለም። መጥበሻው እንዳይነካካ ተብሎ ነው። አንድ ምድጃ፣ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ጭልፋ ባለበት ቤት ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው። ስለዚህ ወጪ አውጪ። ትንሽ መጥበሻ፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ሳህንና ሁለት ማንኪያ ግዢ። ቀለማቸው ከሌላው ዕቃ የተለየ ይሁን፤ ቀይ ብታገኚ ጥሩ ነው። እናንተ ክፍል ይቀመጥ። ከዚያ ወስደሽ ለእማማ አሳዪአቸው። «እማማ፣ ይቺ የልጆቹ ዕቃ ናት። የእርስዎ ዕቃ አይነካም፤ የማጥበው እኔ ነኝ» በያቸው። እንቁላሉ ከሶፍት ወጥቶ ሳህን ላይ ይቀመጥ። እሳቸው ባይደሰቱም፣ የሚሆነውን ሁሉ ያውቁታል።

ዋናውን ንግግር ግን አንቺ አትጀምሪው። ምራት አማቷን ስለ ጾም ስትናገር፣ አነጋገሯ ማር ቢሆን እንኳ «ሃይማኖት አስተማረችኝ» ነው የሚባለው። የሚናገረው ባልሽ ነው። «ተያቸው» ብሎ መሸሽ አይቻልም፤ እናቱ ናቸው፣ ልጁም ልጁ ነው። ሰውዬው እናቱን ላለማስቀየም ሲል ሚስቱንና ልጁን እያስቀየመ መሆኑ አልታየውም። ይህንንም ሳትቆጪ ንገሪው።

ሰዓቱንም ምረጡ። ቡና ላይ አይሁን። ቡና ላይ ጎረቤት አለ፣ እህቱ አለች፤ እማማ ሰው ፊት ከተነገራቸው የሚመልሱት ለሰው ነው፣ ለልጃቸው አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሄዶ ይቀበላቸው። ጃንጥላ ይያዝላቸው። እየተጓዙ ይንገራቸው። ሽሮ ሜዳ ዳገት ነው፣ ቀስ ብሎ ለማውራት ይመቻል። ሊል የሚገባው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «እማዬ፣ ልጁ ጸሎት የለመደው ባንቺ ነው። ግን ማታ ማታ እየባነነብን ነው። የሚሰማው አንቺን ነውና አንቺው አረጋጊልን።» ይህ ማባበያ እንዳይመስልሽ። እውነት ነው። አንቺ ሺህ ጊዜ «እመቤታችን አትቆጣም» ብትይው፣ ባቢ የሚያምነው እማማ ሲሉ ነው።

የምትጠይቁትም አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ልጁን በእግዚአብሔርም በሰይጣንም ማንም አያስፈራራው። አክስቱም፣ አጎቱም፣ አንቺም። አለቀ። ከረሜላ አታብዙበት፣ ቴሌቪዥን ዝጉ፣ አትምቱት የሚለውን ሁሉ በአንድ ቀን ካወረድሽው ከመካከሉ አንዱም አይያዝም። አያ ጅቦም ለጊዜው ይቆይ፤ ቀኑ ሲደርስ እሱንም እናስወጣዋለን።

የንስሐ አባታችሁ ቤት ብቅ ሲሉ እሳቸውንም ጠይቂ። ግን አደራ፣ እማማን ልታስፈርጂባቸው እንዳይሆን። ቀድመሽ በስልክ ከሳሽ ሆነሽ አትጠብቂ። እማማ ባሉበት፣ እንደ ማንኛዋም እናት ጠይቂ። «አባ፣ ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ለፍልሰታ እንዴት እናድርገው?» በያቸው። የሚሉትን ሦስታችሁም በአንድ ላይ ስሙ። ያኔ ውሳኔው የምራት ወይም የአማት መሆኑ ይቀራል።

አሁን ወደ እማማ ጎን ልዙር፤ እስካሁን እሳቸው ላይ የከበድኩ መሰለኝ። «አያት ያሳደገው» ሲባል የምናውቀው ሞልቃቃውን ነው። አያት ስኳር በእጁ የምታስጨብጥ፣ አባት ሲቆጣ ቀሚሷ ሥር የምትደብቅ ናት። እንዳንቺ አያታቸው ጠበቁብን ብላ የጻፈችልኝ ጥቂት ናት። ይህ ማለት ግን በቤታችሁ ልጁን በቁም ነገር የያዘ ሰው አለ ማለት ነው። ጠዋት ፊቱን አጥቦ የሚያስጸልየው፣ በስሙ ስለት የሚሳል ሰው አለ። ብዙ እናት ይህን በገንዘብ ፈልጋ አታገኘውም።

ስለዚህ ፍልሰታን ከባቢ አትውሰጂበት። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው እየተባለ ያደግነው በከንቱ አይደለም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሌሊት ተነስ የለም። ቁርሱን ይብላ፣ ምሳውን ይብላ፣ ቦቲውን ያድርግ፣ ነጠላውን ይልበስና ከእማማ ጋር ይሂድ። የሚቆርብበት ቀን ካለ የዚያን ቀን ነገሩ ይለያል፤ ስንት ሰዓት ሳይበላ መቆየት እንዳለበት አባን ጠይቁ። ሌላውን ቀን ግን ጠግቦ ይሂድ። ይሰለቸዋል፣ ይቅበጠበጣል፣ እማማ ነጠላ ላይ ተኝቶ ምራቁን ያዝረበርባል። ይተኛ። እኔ የውዳሴ ማርያምን ዜማ የለመድኩት አያቴ ጉልበት ላይ እንቅልፍ ሲወስደኝ ነው። ዛሬም ስሰማው ዓይኔ ይከብዳል።

ከቅዳሴ መልስ እማማ አፋቸውን ሲያሟሹ ከእሳቸው ትሪ አብሮ ይብላ። ሽሮውን በጉርሻ ያጉርሱት። ምሳ ሁለቴ በላ ማለት ነው፤ ይብላ። «እኔም ጾምኩ» ካለ አትሳቂበት፣ «አልጾምክም» ብለሽም አታርሚው። ጾም ለእሱ አሁን ያ ትሪ ነው። ከራሱ የሆነ ነገር ልተው ካለ ደግሞ ከረሜላ ይተው። ጥርሱም ያመሰግናል።

ደግሞ በመካከሉ ቡሄ አለ፣ ነሐሴ 13። ለዚህ ቀን እማማን አስቀድመሽ ያዣቸው። ሙልሙሉን እሳቸው ይጋግሩ፣ ባቢ ሊጡን ያድበልብል። ሊጥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ዱቄት ፀጉሩ ውስጥ ይገባል፣ እማማ ይጮኻሉ፤ ተያቸው፣ ይህ ጩኸት አይጎዳውም። የሠፈር ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሲመጡ በሩን እሱ ይክፈት፣ ሙልሙሉንም እሱ ይስጥ። ያን ቀን እቤት ለመሆን ፈቃድ ጠይቂ። ልጅሽ ስለ እምነቱ የሚያስታውሰው ነገር ውስጥ አንቺም መኖር አለብሽ። እስካሁን ደብዳቤሽ ላይ ያየሁሽ እንቁላል ሰጥተሽ ስትወጪ ብቻ ነው። ማታ ሲተኛ አቡነ ዘበሰማያትን አብራችሁ በሉ። ሁለት ደቂቃ ነው። ጸሎትን ለእማማ ብቻ ከተውሽው፣ ኋላ «እንዴት እንዲህ አስተማሩት» ለማለት አፍሽ ይይዝሻል።

ቤት ተከራይተን እንውጣ ወይ ላልሽው፣ አሁን አልመክርሽም። ባቢ ፍርሃቱን ይዞት ነው የሚሄደው። ኪራይ ትከፍያለሽ፣ ከዚያ ሞግዚት ፍለጋ ትገቢያለሽ፤ የምታገኚያት ሞግዚት ደግሞ በምን እንደምታስፈራራው አታውቂም። መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ባልሽ ተናግሮ፣ አባም ተናግረው፣ ከሁለት ወር በኋላ ማስፈራራቱ ካልቆመ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ ኪራይ እናወራለን። መባነኑ ካልቀነሰ ግን ሁለት ወር አትጠብቂ። የሕፃናት ሐኪም ይየው።

በስሜ ይጠሩኛል ላልሽው፣ ይህን እንኳ ተዪው። ልጅ የሚሰማውን ነው የሚለው። ግቢው ሁሉ አንቺን በስምሽ ይጠራል፣ ባልሽና እህቱ እሳቸውን እማዬ ይላሉ። ልጆቹ ከየት ያምጡት? እኔ እናቴን እስክትሞት በስሟ ነው የጠራኋት፤ አንድም ቀን ከማን እንደተወለድኩ ጠፍቶኝ አያውቅም።

አንድ ነገር አልጻፍሽልኝም። ሥዕሏ አሁን እንዴት ናት? እማማ ያኔውኑ እያለቀሱ መልሰዋት ይሆናል። ባቢ የሚያስታውሰው ግን እሱ እንዳዞራትና ሁሉም እንደጮኸ ነው። ስለዚህ እንደገና ትመለስ። ባልሽ ከእማማ ጋር ከተነጋገረ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ ጾም ባልሆነ ቀን። እማማ ክፍላችሁ ይምጡ፣ ባቢም ያቺን በርጩማውን ያምጣ። ሥዕሏን ከምስማሩ አውርደው ይስጡት፣ ይሳማት። «አይታሃለች፣ ርቦህ እንደነበርም ታውቃለች፣ እሷም ልጅ አሳድጋለች» ይበሉት። ይህን እሳቸው ይበሉት፣ አንቺ ዝም በይ። ባልሽ መዶሻ ይያዝና ምስማሩን ዝቅ አድርጎ ይምታው፣ ልጁ ያለ በርጩማ እንዲደርስባት። ከዚያ በቀዩ ሳህን እንቁላሉን አምጪለትና እዚያው ፊቷ ቁጭ ብሎ ይብላ።